ሴኔጋልን የመረጡት ተሳስተው ነበርን? የጥሎ ማለፍ ግምት ምን ማለት ነው?

ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ምሽት፣ ከጓደኞቼ ጋር ኳስ በማይበት አንድ የአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከደብተር የተገነጠሉ ሁለት ሉኮች በፕላስተር ተያይዘው ተለጥፈው ነበር። በሉኮቹ ላይ በእስክሪብቶ የተሠመረው በኮትዲቯር ይካሄድ የነበረው የአፍሪካ ዋንጫ የጥሎ ማለፍ ድልድል ሲሆን፣ 16ቱ ቡድኖች ከግራና ከቀኝ ተነሥተው፣ መስመሩ በየዙሩ እየጠበበ ሄዶ፣ መሐል ላይ ባዶውን ወደ ተተወው ሳጥን ይደርሳል። ሴኔጋልና አስተናጋጇ ኮትዲቯር ያሙሱክሮ ላይ ሊጫወቱ ገና ሰዓታት ሲቀሩ፣ አንድ ሰው በሩብ ፍጻሜው ሳጥን ውስጥ «ሴኔጋል» ብሎ አስቀድሞ ጽፎ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ማንም አልተቃወመውም። ክርክሩ በሙሉ ሴኔጋል ቀጥሎ የምትገጥመው ማሊን ነው ወይስ ቡርኪናፋሶን በሚለው ላይ ነበር።

ጨዋታው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት ተጀመረ። ሀቢብ ዲያሎ ገና በ4ኛው ደቂቃ ሲያስቆጥር በግድግዳው ላይ የተጻፈው የተረጋገጠ መሰለ። ነገር ግን በ86ኛው ደቂቃ የሴኔጋል ግብ ጠባቂ ኤዱዋርድ ሜንዲ ተቀይሮ በገባው ኒኮላ ፔፔ ላይ ጥፋት ሠራና፣ ጉዳዩ በቪዲዮ ረዳት ዳኞች ታይቶ ኮትዲቯር ፍጹም ቅጣት ምት አገኘች፤ ፍራንክ ኬሲዬም አገባው። ተጨማሪው 30 ደቂቃ ያለ ግብ አለቀ። በመለያ ምት ሙሳ ኒያካቴ ሳተ፤ የመጨረሻዋን ኳስ እንደገና ኬሲዬ መረብ ላይ አሳርፎ ኮትዲቯር 5 ለ 4 አለፈች። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ቢያልፍም ከቤቱ የወጣ ሰው አልነበረም። የተጻፈው ስም ተሰርዞ ሌላ ሲተካ፣ ክርክሩም አዲስ መልክ ያዘ።

ከመካከላችን አንዱ «ኳስ ድቡልቡል ናት፤ መገመት ራሱ ከንቱ ድካም ነው» አለ። ሌላው ደግሞ፣ እስከዚያች ሌሊት ድረስ ስለ ኮትዲቯር አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ቆይቶ፣ «አላልኳችሁም? አስተናጋጅ በሜዳው በቀላሉ አይወድቅም» ማለት ጀመረ። በዕድሜ የሚበልጡን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ግን ከሁለቱም አልተስማሙም፤ «ሴኔጋልን የመረጠ ሰው አልተሳሳተም፤ የተሸነፈው ሴኔጋል እንጂ ግምቱ አይደለም» አሉ። በዚያች ሌሊት የሳቸው አባባል ለሽንፈት የተሰጠ ማጽናኛ መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ የጥሎ ማለፍ ግምት እንዴት እንደሚሠራ ከዚህ በተሻለ ባጭሩ ሊገለጽ የሚችል አይመስለኝም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከድልድሉ መነሣት ያስፈልጋል።

የአፍሪካ ዋንጫ በ24 ቡድኖች ሲካሄድ፣ ቡድኖቹ በስድስት ምድብ ተከፍለው ከየምድቡ አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በቀጥታ ያልፋሉ። ይህ 12 ቡድን ብቻ ስለሚሰጥ፣ የቀሩት አራት ቦታዎች ከስድስቱ ሦስተኛ ከወጡት ውስጥ የተሻለ ውጤት ላላቸው ይሰጣሉ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የአራት ምድቦች አንደኞች በጥሎ ማለፉ የሚገጥሟቸው እነዚህን ሦስተኞች ነው፤ የትኛው ሦስተኛ ለየትኛው አንደኛ እንደሚደርስ የሚወሰነው ግን የትኞቹ አራት ምድቦች ሦስተኛ ቡድናቸውን እንዳሳለፉ ከታወቀ በኋላ ነው። ከስድስት ምድቦች አራቱን በ15 የተለያዩ መንገዶች መምረጥ ስለሚቻል፣ አዘጋጆቹ ለ15ቱም አስቀድመው የተዘጋጀ ሰንጠረዥ አላቸው። ስለዚህ ምድቡን ቀድሞ የጨረሰ ደጋፊ «እገሌን እንገጥማለን» ሲል የሚናገረው ገና ባልተጫወቱ ምድቦች ላይ ስለሚንጠለጠል ነገር ነው።

ኮትዲቯር ራሷ ወደዚያ ድልድል የገባችበት መንገድ ለዚህ ምስክር ነው። ጥር 4 ቀን በመክፈቻው ጨዋታ ጊኒ ቢሳውን 2 ለ 0 አሸነፈች፤ ከዚያ በናይጄሪያ 1 ለ 0 ተሸነፈች፤ ጥር 13 ቀን ምሽት ደግሞ በራሷ ሕዝብ ፊት በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ተረታች። በሦስት ነጥብና በሦስት የግብ ዕዳ ሦስተኛ ሆና ከምድቧ ስትጨርስ፣ የነበራት አማራጭ የሌሎችን ጨዋታ ቁጭ ብሎ መመልከት ብቻ ነበር። በዚያው ምሽት ከሦስት ሰዓት በኋላ በተጀመረው የሌላ ምድብ ጨዋታ ጋና ሞዛምቢክን 2 ለ 0 እየመራች መደበኛው 90 ደቂቃ አለቀ። ጋና ያንን ጨዋታ ብታሸንፍ አራት ነጥብ ይዛ ሁለተኛ ትሆን፣ ግብፅም በሦስት ነጥብ ያለ ግብ ዕዳ ወደ ሦስተኛነት ወርዳ ኮትዲቯርን ትቀድም ነበር። ሞዛምቢክ ግን በባከነ ሰዓት ማካካሻው ሁለት ግብ አስቆጥራ 2 ለ 2 ወጣች።

ያም አልበቃም። ጥር 15 ቀን ሞሮኮ ዛምቢያን ማሸነፍ ነበረባት፤ ዛምቢያ አቻ እንኳ ብትወጣ ከዚያ ምድብ ሦስተኛ የሚሆነው ቡድን በሦስት ነጥብና በተሻለ የግብ ክፍያ የኮትዲቯርን ቦታ ይወስድ ነበር። ሃኪም ዚየች በመጀመሪያው አጋማሽ ያስቆጠራት አንዲት ግብ ጸንታ ቆየችና፣ አስተናጋጇ አገር ከአራቱ ሦስተኞች የመጨረሻዋ ሆና አለፈች። በዚያው ቀን አሰልጣኙ ዣን ሉዊ ጋሴ ከኃላፊነታቸው ተነሡ፤ ፌዴሬሽኑ የፈረንሳይን የሴቶች ቡድን ያሠለጥኑ የነበሩትን ኤርቬ ረናርን በውሰት ለማምጣት ጠይቆ በፈረንሳይ በኩል እምቢ ስለተባለ፣ ምክትሉ ኤመርሴ ፋኤ በጊዜያዊነት ተረከበ። በዚያች ሰዓት ማንም በጤናው ያለ ሰው ይህ ቡድን ዋንጫውን ያነሣል ብሎ ቢገምት፣ ከፍተኛ ዕድል ሰጥቶ ሊሆን አይችልም። በሌላ በኩል፣ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር አለ። ቡድኑን ያተረፈው በመጨረሻ የመጀመሪያው ቀን ድል ነው። ከሱ በታች የቀሩት ሁለቱ ሦስተኞች፣ ጋናና ዛምቢያ፣ ሁለት ሁለት ነጥብ ብቻ ስለነበራቸው ከኢኳቶሪያል ጊኒ የተቆጠሩት አራት ግቦች ስድስት ቢሆኑም ልዩነት አያመጡም ነበር።

እንደዚሁ ያለ ሦስተኛነት ሁልጊዜ አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ2016 በአውሮፓ ዋንጫ አልባኒያ እንደ ኮትዲቯር ሦስት ነጥብ ነበራት፤ የግብ ዕዳዋም ሁለት ብቻ ነበር፤ ሆኖም ሌሎች ሦስተኞች የተሻለ ስለያዙ ቀረች። በዚያው ውድድር ሦስቱንም የምድብ ጨዋታዎቿን አቻ የወጣችው ፖርቹጋል ደግሞ በሦስተኛነት አልፋ ዋንጫውን ወሰደች። የፖርቹጋል ታሪክ ለግምት ሰዎች አንድ ትልቅ ነገር ያስተምራል። በምድቡ የመጨረሻ ምሽት አይስላንድ በ94ኛው ደቂቃ ኦስትሪያ ላይ ግብ ባታስቆጥር ኖሮ፣ ፖርቹጋል ሁለተኛ ሆና ከእንግሊዝ ጋር፣ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ስፔንና ፈረንሳይ ወደሚገኙበት የድልድሉ ግማሽ ትገባ ነበር። ያች ግብ ወደ ሦስተኛነት ስታወርዳት፣ መንገዷ በክሮኤሽያ፣ በፖላንድና በዌልስ በኩል ሆነ። የምድብ ደረጃ ዝቅ ማለቱ መንገዱን አቀለለው።

«ማን ይወስዳል?» የሚለው ጥያቄ «ማን ይበልጣል?» ከሚለው የተለየ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ስለ ቡድኑ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ አንደኛው ቡድኑ ማንን፣ በየትኛው ዙር፣ በስንት ቀን ዕረፍት እንደሚገጥምም ይጠይቃል። በደጋፊዎች መካከል የሚነሣው ክርክር አብዛኛው ሁለቱን ባለመለየት የሚቆይ ነው። አንዱ ስለ ብልጫ ያወራል፤ ሌላው ስለ መንገድ ያወራል፤ ሁለቱም እውነት ይዘው ሳይግባቡ ያመሻሉ።

አሁን ወደ ቁጥሩ ልግባ፤ ትንሽ ታገሡኝ፤ ከማባዛት ያለፈ ስሌት የለውም። ከ16 ቡድኖች የጥሎ ማለፍ ዙር ተነሥቶ ዋንጫ ለማንሣት አራት ጨዋታ በተከታታይ ማሸነፍ ያስፈልጋል። አንድ ቡድን በጣም ጠንካራ ነው እንበልና፣ በእያንዳንዱ ጨዋታ የማለፍ ዕድሉ 70 በመቶ ይሁን። ይህ ለብሔራዊ ቡድኖች ውድድር ከፍተኛ ግምት ነው። 0.7ን በራሱ አራት ጊዜ ስናባዛ 0.24 ገደማ ይመጣል። ማለትም በየጨዋታው በግልጽ የሚበልጠው ቡድን እንኳ ዋንጫውን የማንሣት ዕድሉ ከአራት አንድ አይሞላም። ዕድሉን በየጨዋታው ወደ 60 ዝቅ ብናደርገው 13 በመቶ ገደማ ይሆናል። እንግዲህ አንድ ደጋፊ «ሴኔጋል ከሁሉም የተሻለ ዕድል አላት» ሲልና «ሴኔጋል ትወስዳለች» ሲል የተናገራቸው ነገሮች በመካከላቸው ሰፊ ርቀት አላቸው፤ የመጀመሪያው ትክክል ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ከአራት ሦስት ጊዜ ይከሽፋል።

የጨዋታው ቁጥር ሲያንስ ነገሩ ይለወጣል። ኢትዮጵያ ዋንጫውን ያነሣችበት እ.ኤ.አ. የ1962ቱ ውድድር በአዲስ አበባ ሲካሄድ የተሳተፉት አራት ቡድኖች ብቻ ስለነበሩ፣ ሻምፒዮን ለመሆን የሚያስፈልገው ቱኒዚያን በግማሽ ፍጻሜ፣ ግብፅን በፍጻሜ መርታት ነበር፤ ሁለቱም 4 ለ 2 አለቁ፤ የፍጻሜው በተጨማሪ ሰዓት ነበር። ለሁለት ጨዋታ 0.7 በ0.7 ሲባዛ 0.49 ይሆናል። ይህን የምለው የዚያን ትውልድ ድል ለማሳነስ አይደለም፤ ግብፅ እስከዚያ ድረስ የተካሄዱትን ሁለቱንም ዋንጫዎች ያነሣች ቡድን ነበረችና በተጨማሪ ሰዓት እሷን መርታት ምን ያህል ከባድ እንደነበር ቁጥር አይነግረንም። የውድድሩ ቅርፅ ራሱ የግምቱ አንድ ክፍል መሆኑን ለማሳየት ነው።

ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈው ወረቀት ሙሉውን ድልድል አስቀድሞ መሙላት ደግሞ ከዚህ እጅግ የከበደ ነው። ከ16 ቡድን አንድ ሻምፒዮን እስኪቀር፣ ለሦስተኛ ደረጃ የሚደረገውን ሳንቆጥር፣ 15 ጨዋታ ይደረጋል። እያንዳንዱ ሁለት ሊሆን የሚችል ውጤት ስላለው ወረቀቱ ሊሞላ የሚችልባቸው መንገዶች 32,768 ናቸው። ከጨዋታዎቹ እያንዳንዱን 70 በመቶ በሚሆን ዕድል በትክክል የሚገምት አዋቂ ሰው ቢገኝ እንኳ፣ 15ቱንም ሳይስት የመጨረስ ዕድሉ ከ200 አንድ አይሞላም። ስለዚህ ወረቀቱን አበላሽቶ የጨረሰ ሰው የሚያፍርበት ምክንያት የለም፤ ሁሉንም ያገኘ ሰው ቢኖርም በዕውቀቱ ላይ ብዙ ዕድል ተጨምሮለታል።

ሌላው የጭቅጭቅ ምንጭ «ውጤት» የሚለው ቃል ነው። በጥሎ ማለፍ ሁለት የተለያዩ ውጤቶች አሉ፤ የ90 ደቂቃው ውጤትና ያለፈው ቡድን ማንነት። በሴኔጋልና በኮትዲቯር ጨዋታ የ90 ደቂቃው ውጤት 1 ለ 1 ነው፤ በመዝገብም ጨዋታው አቻ ተብሎ ነው የሚቀመጠው፤ የመለያ ምቱ የሚወስነው ማን እንደሚቀጥል ብቻ ነው። በቤቲንግ ቲኬት ላይ «ሴኔጋል ታሸንፋለች» ብሎ የቆረጠና «ሴኔጋል ታልፋለች» ብሎ የቆረጠ ሰው የተለያየ ነገር ገዝተዋል፤ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው በ90 ደቂቃና በባከነው ሰዓት ማካካሻ የሚያልቅ ነው። አንድ ወጣት በዚያች ሌሊት ኮትዲቯር ስታልፍ በደስታ ተነሥቶ ጮኾ፣ ቲኬቱን ወደ መብራቱ አስጠግቶ ካነበበ በኋላ ቀስ ብሎ ሲቀመጥ አይቻለሁ። ቲኬቱ ላይ ያለው የኮትዲቯር የ90 ደቂቃ ድል ነበር። ይህን ልዩነት ሳያውቁ ገንዘብ የሚያወጡ ልጆች ብዙ መሆናቸው ያሳዝነኛል።

የ90 ደቂቃ አቻ ደግሞ ብርቅ አይደለም። በዚያ ውድድር ከ15ቱ የጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች አምስቱ በመደበኛው ሰዓት አልተለያዩም፤ ከአምስቱም አራቱ እስከ መለያ ምት ደረሱ። በእግር ኳስ ግብ ጥቂት ነው፤ ጥቂት ስለሆነም አንዲት የተጨረፈች ኳስ ወይም አንድ ፊሽካ የብልጫውን ልዩነት በሙሉ ልታጠፋው ትችላለች። በቅርጫት ኳስ የተሻለው ቡድን ብልጫውን የሚያሳይበት ብዙ አጋጣሚ አለው፤ በእግር ኳስ ግን ኳሱን ይዞ አምሽቶ በአንድ ቅጣት ምት ወደ አገሩ የሚመለስ ቡድን በየውድድሩ አይጠፋም። ሞሮኮ ሳን ፔድሮ ላይ በደቡብ አፍሪካ 1 ለ 0 እየተመራች በ85ኛው ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት አግኝታ፣ የአሽራፍ ሃኪሚ ኳስ የግቡን አግዳሚ መትታ ተመለሰች፤ ጨዋታውም 2 ለ 0 አለቀ። ያች ኳስ አንድ ስንዝር ዝቅ ብትል ኖሮ ስለ ሞሮኮ የምናወራው ሌላ ነገር ይሆን ነበር።

የመለያ ምት ላይ ደጋፊዎች በጣም ይከራከራሉ። አንዳንዱ «ሎተሪ ነው» ይላል፤ ሌላው ደግሞ የግብ ጠባቂውን ስም ጠርቶ ጉዳዩን ይዘጋል። እውነቱ በመካከል ቢሆንም ወደ ሎተሪው ያደላል። ተዘጋጅቶ የሚመጣ ቡድንና የተረጋጋ ግብ ጠባቂ እንደሚጠቅሙ አልጠራጠርም፤ ክሮኤሽያ በ2018 እና በ2022 የዓለም ዋንጫዎች የገጠሟትን አራቱንም የመለያ ምቶች ማሸነፏ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ያንን ጥቅም አስቀድሞ መለካት አስቸጋሪ ነው። የደቡብ አፍሪካው ግብ ጠባቂ ሮንዌን ዊሊያምስ በሩብ ፍጻሜው ከኬፕ ቨርዴ አራት ምቶች አድኖ አገሩን ሲያሳልፍ፣ በቀጣዩ ግማሽ ፍጻሜ ናይጄሪያም በመለያ ምት እንደምትሸነፍ የተማመነ ብዙ ነበር፤ ያን ዕለት ግን የናይጄሪያው ስታንሊ ንዋባሊ ሁለት አድኖ ናይጄሪያ 4 ለ 2 አለፈች። ግብፅና ዲሞክራቲክ ኮንጎ ደግሞ የመለያ ምታቸው እስከ ግብ ጠባቂዎቹ ደርሶ፣ የግብፁ ሲስት የኮንጎው ሊዮኔል ምፓሲ አግብቶ 8 ለ 7 ተለያዩ። ግብ ጠባቂ ለግብ ጠባቂ ሲመታ ማን እንደሚያሸንፍ አውቄ ነበር የሚል ሰው ካለ ለማመን ይቸግረኛል።

ታዲያ ከዕድል ውጪ መመዘን ያለበት ነገር ምንድን ነው? እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው በጥሎ ማለፉ የሚሰለፈው ቡድን በምድቡ ያየነው ያው ቡድን መሆኑን ነው። ሴኔጋል ሦስቱንም ጨዋታ አሸንፋ፣ ስምንት ግብ አግብታ አንድ ብቻ ተቆጥሮባት፣ ዘጠኝ ነጥብ የያዘች ብቸኛ ቡድን ነበረች፤ የዋንጫውም ባለቤት ነበረች። ኮትዲቯር በ4 ለ 0 የተዋረደች ነበረች። ይህ ንጽጽር እውነት ቢሆንም፣ ሰባስቲያን ሃለርና ሲሞን አዲንግራ በጉዳት ምክንያት የምድቡን ጨዋታዎች አለመጫወታቸውን አይነግረንም፤ አሰልጣኙ መለወጡንም አይነግረንም። ሦስት ጨዋታ ደግሞ ለማንም ቡድን ጥቂት ማስረጃ ነው። ከማሊ ጋር በቡዋኬ በተደረገው ሩብ ፍጻሜ ኦዲሎን ኮሱኑ ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጥቶ ኮትዲቯር በአሥር ሰው ስትመራ፣ በ90ኛው ደቂቃ አቻ ያደረጋት አዲንግራ ነበር፤ በተጨማሪው ሰዓት መጨረሻ ኡማር ዲያኪቴ ጨረሰው። ኮንጎን በግማሽ ፍጻሜ በአንድ ግብ የረታው ሃለር ነው። በፍጻሜው ናይጄሪያ በትሩስት ኤኮንግ ስትመራ፣ ኬሲዬ ያገባትን የማዕዘን ምት ያሻማውም፣ በ81ኛው ደቂቃ ሃለር እግሩን ዘርግቶ የነካትን ኳስ ከግራ መስመር ያሻገረውም አዲንግራ ነው። ሃለር በ2022 የካንሰር ሕመም ተገኝቶበት ታክሞ የተመለሰ ሰው መሆኑን ሳስብ፣ ያቺን ግብ እስከ ዛሬ ደግሜ ደጋግሜ ለማየት አልሰለችም።

አስተናጋጅነትን በሚመለከት «አስተናጋጅ አይወድቅም» የሚለው አባባል መታረም አለበት። በሜዳ መጫወት ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ከግብፅ የእ.ኤ.አ. 2006 ድል ወዲህ እስከ ኮትዲቯር ድረስ በሜዳው የአፍሪካ ዋንጫን ያነሣ አንድም አስተናጋጅ አልነበረም፤ በ2019 ግብፅ ራሷ በካይሮ በ16ቱ ዙር በደቡብ አፍሪካ ወድቃለች። ስለ ዕረፍት ቀናትና ስለ ቢጫ ካርድ ክምችትም ብዙ ይባላል፤ እነዚህ ትክክለኛ ቢሆኑም አነስተኛ ክብደት ያላቸው ናቸው፤ ግምትን በጥቂት ያዘነብላሉ እንጂ አይገለብጡም።

ግምት በአንድ ጨዋታ ውጤት የማይመዘን ከሆነ በምን ይመዘናል? ለዚህ መልሱ የመጣው ከአየር ጠባይ ትንበያ ነው። አሜሪካዊው ግሌን ብራየር እ.ኤ.አ. በ1950 ያቀረበው ዘዴ ለማንኛውም የጓደኞች ቡድን ይሆናል። እያንዳንዱ ሰው «ታልፋለች» ወይም «አታልፍም» በማለት ፈንታ ዕድሉን በቁጥር ይጻፍ፤ የተባለው ከሆነ ከ1፣ ካልሆነ ከ0 ያለው ርቀት ተሰልቶ በራሱ ይባዛ፤ በብዙ ጨዋታ አማካዩ ያነሰለት ሰው የተሻለ ገማች ነው። ለሴኔጋል 0.9 የሰጠ ሰው በዚያች ሌሊት 0.81 ቅጣት ደረሰበት፤ 0.65 የሰጠ 0.42 ገደማ፤ «እኩል ናቸው» ብሎ 0.5 የጻፈ 0.25። ሴኔጋል ብታልፍ ኖሮ ግን የመጀመሪያው 0.01 ብቻ፣ ሁለተኛው 0.12 ገደማ ይቀጡ ነበር፤ ሦስተኛው በሁለቱም መንገድ ያው 0.25 ነው። ይህ አቆጣጠር ድፍረትን አይከለክልም፤ ያለ ማስረጃ የመጣ ድፍረትን ግን ያስከፍላል፤ ሁልጊዜ መሐል ላይ መቆምንም አይሸልምም። በአሥር ጨዋታ 70 በመቶ ብሎ የሰጠ ሰው ሰባት ያህሉ ከሠሩለት ቃሉ ትክክል ነበር፤ አሥሩም ከሠሩለት እንኳ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎት ነበር ማለት ነው።

ከዚህም በላይ፣ ቁጥር አስቀድሞ ተጽፎ መቀመጡ «አላልኩም?» የሚለውን ያስቀራል። ነገሩ ከሆነ በኋላ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆኖ ይታየናል፤ ትዝታችንም ከውጤቱ ጋር ይስማማል። በዚያ ውድድር ሩብ ፍጻሜ የገቡት ናይጄሪያ፣ አንጎላ፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎ፣ ጊኒ፣ ማሊ፣ ኮትዲቯር፣ ኬፕ ቨርዴና ደቡብ አፍሪካ ሲሆኑ፣ ካለፈው ውድድር ስምንት የሩብ ፍጻሜ ቡድኖች አንድም በመካከላቸው አልነበረም፤ በ2022 የዓለም ዋንጫ አፍሪካን ከወከሉት አምስቱም አንድም አልቀረም። ያንን ዝርዝር አስቀድሞ የጻፈ ሰው በእኛ ቤት አልነበረም። «ይሆናል ብዬ ነበር» ያሉት ግን ከስድስት አያንሱም።

በ48 ቡድኖች የሚደረገው የ2026 የዓለም ዋንጫ ቅርፅ ይህን ሁሉ ያጠነክረዋል። ምድቦቹ 12 ሆነዋል፤ ስምንት ሦስተኞች ያልፋሉ፤ ከ12 ምድብ ስምንቱን መምረጥ የሚቻለው በ495 መንገድ ስለሆነ፣ የአፍሪካ ዋንጫው የ15 መስመር ሰንጠረዥ ወደ 495 መስመር ያድጋል። ጥሎ ማለፉ በ32 ቡድን ስለሚጀመር ሻምፒዮኑ አምስት ጊዜ ማለፍ አለበት፤ በየጨዋታው 70 በመቶ ዕድል ላለው ቡድን ይህ ወደ 17 በመቶ ይወርዳል። ሙሉውን ድልድል መሙላት የሚቻልባቸው መንገዶችም ከሁለት ቢሊዮን ይበልጣሉ። ለዚህ ውድድር ወረቀት የሚያሠምር ሰው በየሳጥኑ ከቡድኑ ስም ጎን ለቁጥሯም ትንሽ ቦታ ቢተው እመክራለሁ፤ ጋሼም ከዚያች ሌሊት ወዲህ እንዲህ ካልተደረገ በወረቀቱ ላይ ስማቸውን ለመጻፍ ፈቃደኛ አይደሉም።